ከቅበላ የተረፈው ጎርጎንዞላ፦ ቅርፊቱ ይበላል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦

«ወንድሜ ከሚላኖ ሲመጣ ሁለት ቁራጭ ፎርማጆ ይዞልን መጣ። ውስጡ ሰማያዊ ሻጋታ አለው፤ ስሙ ጎርጎንዞላ ነው። ለቅበላ አንዱን ከፍተን ቀመስነው። ከዚያ ጾም ገባ። የተከፈተው በፌስታል ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከረመ፤ ያልተከፈተው ከመጣ ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ ነው። አሁን ፋሲካ ደረሰ። የተከፈተው ቅርፊቱ ግራጫና ሮዝ ነው፤ ሲነኩት ያጣብቃል። ወንድሜ በስልክ ‹ከነቅርፊቱ ብሉት፣ ሻጋታው ፔኒሲሊን ነው፣ እንዲያውም ያክማል› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹የሻገተ እንጀራ እየጣልን የሻገተ አይብ ልንበላ ነው?› ብላ ተቆጥታለች። እህቴ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም ለቅበላ ትንሽ ቀምሳለች። ቅርፊቱ ይበላል ወይስ አይበላም?»

አይበላም። የጎርጎንዞላ ቅርፊት ተቆርጦ የሚጣል ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ማሸጊያው ላይ ይጽፉታል። «ክሮስታ ኖን ኤዲቢሌ» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ትርጉሙ ቅርፊቱ አይበላም ነው። ወንድምዎ ሚላኖ እየኖሩ ይህን አለማየታቸው ይገርማል። የእናንተ ጉዳይ ግን ከቅርፊቱ ይሰፋል። በፌስታል የከረመው ቁራጭ ከነውስጡ መጣል አለበት። የእህትዎ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው።

መጀመሪያ ሻጋታውን እንለየው። ሰማያዊው ሻጋታ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ይባላል። ፎርማጆው ሲሠራ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ሻጋታ ያለ አየር አያድግም፤ ስለዚህ ክቡ ፎርማጆ በረጃጅም መርፌ ይበሳሳል። አየሩ በቀዳዳዎቹ ይገባል፣ ሻጋታውም በዚያው መስመር ይበቅላል። ቆርጠው ሲያዩት ሰማያዊው በመስመር በመስመር የሚታየው ለዚህ ነው። ይህ ሻጋታ መርዛማ ነገሮችን የማመንጨት ችሎታ አለው። ፎርማጆ ውስጥ ግን መጠናቸው በጣም አነስተኛ ነው፤ ከመካከላቸው ዋናው የሚባለውም እዚያው ውስጥ ሳይቆይ ይለወጣል። ጤነኛ ሰው ሰማያዊውን ክፍል በመብላቱ የሚመጣበት ነገር የለም።

እናትዎ ግን የተቆጡት በከንቱ አይደለም። እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ማንም መርጦ አልዘራውም። አስፐርጊለስ ሊሆን ይችላል፣ ሪዞፐስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ የፔኒሲሊየም ዘርም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይተው አይለዩትም። ከአስፐርጊለስ ዘሮች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ውሎ አድሮም ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ሲሻግቱ የምንፈራው እሱን ነው። ምግቡን መልሶ ማብሰል ወይም እንጀራውን ማድረቅ አያጠፋውም። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም እንኳ ከመርዙ የተወሰነውን በወተቷ ታሳልፈዋለች። ስለዚህ የሻገተ እንጀራ መጣል ልክ ነው። ለድርቆሽ ይሆናል ብሎ ማስጣትም አያዋጣም።

የኛ አይብም ከዚሁ ወገን ነው። ውሃው ብዙ ነው፣ ለስላሳ ነው። ላዩ ላይ ሻጋታ ከታየ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ላዩን ገፎ የቀረውን መብላት አይሆንም። በጎጃም ገጠር ውሃው በደንብ ተጠንፍፎ፣ በቅመም ታሽቶ ለወራት የሚቀመጠው አይብ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እሱን ከትኩሱ አይብ ጋር አንድ ላይ አንቆጥረውም። በአጭሩ እናትዎ ስለ እንጀራው ትክክል ናቸው። ያንኑ ፍርድ ጎርጎንዞላው ውስጥ ባለው ሰማያዊ ላይ ማስተላለፋቸው ግን ልክ አይደለም።

የወንድምዎ ፔኒሲሊን ተረት ነው። መድኃኒቱ የተገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ካስተዋለው ሌላ የፔኒሲሊየም ዘር ነው። የፎርማጆው ሻጋታ ዘመዱ ይሁን እንጂ እሱ አይደለም። ጎርጎንዞላ ውስጥ በሽታ የሚያክም ፔኒሲሊን የለም። ቢኖር ኖሮ ለቶንሲል ፎርማጆ ይታዘዝልን ነበር። በተቃራኒው የሚጨነቁም አሉ፤ «ለፔኒሲሊን አለርጂ ነኝና ሰማያዊ ፎርማጆ ይገድለኛል» ይላሉ። ይህም በአብዛኛው መሠረት የለውም። ለሻጋታ ራሱ ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻላል።

አሁን ወደ ቅርፊቱ። ብዙ ሰው የሚስተው ሰማያዊ ፎርማጆ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርፊት ያለው ስለሚመስለው ነው። የፈረንሳዩ ሮክፎር ከበግ ጥሬ ወተት የሚሠራ ነው፤ ቢያንስ 90 ቀን ይቆያል፣ የረባ ቅርፊት ግን የለውም። በፎይል ተጠቅልሎ ስለሚበስል ላዩም ውስጡም ያው ነው። የዴንማርኩ ዳናብሉም እንደዚሁ ነው። የእንግሊዙ ስቲልተን ደረቅ፣ ሻካራ፣ ቡናማ ቅርፊት አለው። ጤነኛ ሰው ቢበላው አይጎዳውም፤ ጣዕሙ ግን አፈር አፈር ይላል፣ ብዙዎች ይተዉታል። ካምቦዞላ የሚባለው የጀርመን ፎርማጆ ደግሞ ከውጭ እንደ ነጭ ጥጥ ያለ ሻጋታ ለብሷል። ያ ነጭ ልብስ እንዲበላ ተብሎ የተሠራ ነው። በሰም ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ፎርማጆ ካጋጠማችሁ ልባሱ ምግብ አይደለም፣ ይላጣል።

ጎርጎንዞላ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ፓስቸራይዝድ ከሆነ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት ከተያዘ የላም ወተት ይሠራል፣ ለስላሳው ዓይነት ቢያንስ 50 ቀን ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላዩ በጨው ይታሻል፣ ይገለባበጣል፣ ይበሳሳል። ቅርፊቱ ግራጫ ወይም ሮዝ ቢሆን ከተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን አያስደነግጥም። የጻፉት መጣበቅ ግን የሚያሳስብ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ቅርፊት ላይ አንዳንዴ የሚገኝ ሌላ ነገርም አለ። አምራቾች ያልተፈለገ ሻጋታ እንዳይወጣ አንዳንድ ፎርማጆዎችን ናታማይሲን በሚባል ፀረ ፈንገስ ይቀቡታል። ማሸጊያው ላይ «ኢ 235» ተብሎ ይጻፋል። በአውሮፓ ሕግ የሚፈቀደው ላዩ ላይ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ሲገባ መገኘት የለበትም። መርዝ አይደለም፤ የዓይን ሐኪሞችም ለፈንገስ ሕክምና ይጠቀሙበታል። ግን ለመብል ብሎ የቀባው የለም። ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ቆርጠው ሲጥሉ እሱም አብሮ ይሄዳል።

የቅርፊቱ ዋና ችግር ግን ሻጋታም ኬሚካልም አይደለም፤ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከሌሎቹ ባክቴሪያዎች የሚለየው ቅዝቃዜ ስለማያቆመው ነው። ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ወተቱ ፓስቸራይዝድ ሲሆን ይሞታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ፎርማጆው ለሳምንታት በመደርደሪያ ላይ ሲቆይ፣ በእጅና በዕቃ ሲነካ፣ ላዩ ላይ እንደገና ሊያርፍበት ይችላል። ሻጋታው እያደገ ሲሄድ ደግሞ የፎርማጆው ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ኮምጣጣነት የባክቴሪያ ጠላት ነው። እሱ ሲቀንስ፣ እርጥበቱም ሲጨመርበት፣ ቅርፊቱ ለሊስቴሪያ ይመቸዋል። «ወተቱ ተፈልቷል፣ ስለዚህ ችግር የለውም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሊስቴሪያ አይሸትም፣ አይታይም፣ ጣዕም አይለውጥም። በደህና የተያዘ ፎርማጆ ላይ በብዛት መገኘቱም የዘወትር ነገር አይደለም። ጤነኛ ጎልማሳ ትንሽ ቢያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል፤ ቢበዛ ተቅማጥ ይዞት ይሰነብታል። ነፍሰ ጡር፣ አራስ ሕፃን፣ ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የካንሰር ሕመምተኛ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር በሊስቴሪያ የመታመም ዕድሏ ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እናትየው ላይ ቀላል ጉንፋን መስሎ ያልፍና ፅንሱን ግን ሊያስወርድ፣ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ወይም ሕፃኑን ከተወለደ በኋላ በጽኑ ሊያሳምም ይችላል።

እህትዎ ለቅበላ ቀምሰዋል ብለዋል። አትደናገጡ። አንድ ጊዜ ትንሽ ቀምሶ የሚታመም ሰው ጥቂት ነው። ደህና ከሆኑ፣ ምንም ምልክት ከሌለ፣ ምርመራም መድኃኒትም አያስፈልግም። ነገር ግን በሽታው ከተበላበት ቀን አንስቶ እስከ 70 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ከቅበላ ወዲህ ገና 55 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰም እንዲሁ።

ባሕር ዳር ላይ ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። መመርመሩ ተገቢ ነው። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ግን «እንግዲህ ድካም ይሆናል» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለም። ነፍሰ ጡር መሆናቸውን፣ ለስላሳ ሰማያዊ ፎርማጆ መብላታቸውንና መቼ እንደበሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ካልተነገረው ሊስቴሪያን ላያስብ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይታከማል። የሚገርመው መድኃኒቱ አምፒሲሊን፣ ማለትም የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። ወንድምዎ እዚህች ላይ ትንሽ ሊደሰቱ ይችላሉ፤ ግን የሚሰጠው ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ ነው።

ከእንግዲህ እስኪወልዱ ድረስ እህትዎ ጎርጎንዞላ በጥሬው አይብሉ። ቅርፊቱ ተቆርጦም ቢሆን አይብሉ፤ ቢላዋው ከላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። በጣም ካማራቸው መንገድ አለ፤ ማብሰል። ቅርፊቱን ቆርጠው ውስጡን በወተት አሟሙተው ለፓስታ ሱጎ ይሥሩት። ሙሉው እስኪንተከተክና እንፋሎት እስኪያወጣ ይፍላ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሊስቴሪያን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፤ መላው ምግብ ለ2 ደቂቃ 70 ዲግሪ ቢቆይ ይበቃል። ትኩስ ፓስታ ላይ ከላይ መበተን ግን ማብሰል አይደለም። ይሞቃል እንጂ አይበስልም። የሬስቶራንት ፒሳም ላይ መሀሉ ለብ ብሎ ከመጣ አልበሰለም ብላችሁ ቁጠሩት።

አሁን የሁለቱ ቁራጮች ዕጣ። የተከፈተውን ጣሉት። ጎርጎንዞላ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። የእናንተ ከ50 ቀን በላይ ቆይቷል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ባሕር ዳር በምትግልበት ወራት ነው። መብራት ጠፍቶ የተዘጋ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት መብራት ከዚያ በላይ አልጠፋም የሚል ሰው ካለ ሰፈሩን ይንገረኝ፣ ቤት ልከራይ። ፌስታሉ ደግሞ እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ቅርፊቱ የሚያጣብቀው ባክቴሪያውና እርሾው ስለበዛበት ነው። «ቅርፊቱን በጥልቀት ቆርጬ መሀሉን ልብላ» የሚለው ዘዴ ለደረቅ ፎርማጆ ይሠራል፤ ለለስላሳ አይሠራም። ጎርጎንዞላ ለስላሳ ነው። «ለውሻው ልስጠው» የሚሉም አሉ። አይስጡት፤ የሰማያዊ ፎርማጆ ሻጋታ ለውሻ ይከብደዋል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል።

ፍሪዘር ውስጥ ያለው ተስፋ አለው። መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ይዩ። ወደ ፍሪዘር የገባው ቀኑ ሳያልፍ ከሆነ፣ ማሸጊያው ካልተቀደደ፣ በመሀልም ካልቀለጠ፣ ጤነኛ ሰው ሊበላው ይችላል። መቅለጡን እንዴት ታውቃላችሁ? በረዶው ቀልጦ እንደገና የጋገረ፣ ከረጢቱ ሥር ፈሳሽ ረግቶ የቀረ ከሆነ ቀልጦ ነበር። ለወደፊቱ አንድ ኩባያ ውሃ አስረግታችሁ ላዩ ላይ ሳንቲም ጣሉበት። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ እናንተ ሳታውቁ ቀልጦ ነበር ማለት ነው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜ ይይዛል። በጾም ደግሞ የብዙ ቤት ፍሪዘር ባዶ ነው። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለቤታችሁ ትቼ፣ በውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ብታስገቡበት ቅዝቃዜው ይቆያል።

ፍሪዘር ሊስቴሪያን እንደማይገድል ግን እወቁ። ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የፍሪዘሩም ቁራጭ ለእህትዎ በጥሬው አይሆንም። ለሌሎቻችሁ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡት። ጠረጴዛ ላይ አይቅለጥ። ሲቀልጥ ይፈረፈራል፤ መበላሸት አይደለም። ሲከፈት ትንሽ የአሞኒያ ሽታ ቢኖረው ለግማሽ ሰዓት አየር ይንካው። ሽታው ካልጠፋ፣ ወይም ጥቁር ወይም ቀይ ነጠብጣብ ካለው፣ ጣሉት። ደህና ከሆነ ቅርፊቱን ግማሽ ሳንቲሜትር አስገብታችሁ ቁረጡ። ከዚያ ቢላዋውንና መክተፊያውን እጠቡ፣ በንጹሕ ቢላዋ መሀሉን ቁረጡ። ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። የተረፈው በሰም ወረቀት ወይም በፎይል ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ከእንጀራና ከአይብ ይራቅ፤ ይህ ሻጋታ ኮምጣጣ ምግብ አይጠላም፣ በቀላሉ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ላይ አረንጓዴ ቢወጣ «የፎርማጆው ነው» ብላችሁ እንዳትበሉ። የማን እንደሆነ አታውቁም።

ቤታችሁ ውስጥ ሌላም ሰው አስቡ። የቲቢ መድኃኒት፣ በተለይ አይሶኒያዚድ የሚወስድ ሰው ካለ ጎርጎንዞላ አይብላ። ለመከላከያ ብሎ የሚወስደውም ያው ነው። እንዲህ ባሉ የቆዩ ፎርማጆዎች ውስጥ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ሰውነታችን ወዲያው ይሰብረዋል፤ መድኃኒቱ ግን ያን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል። ፊት ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ከዚህ የከፋ ያደርጋሉ፤ የደም ግፊትን በድንገት ይሰቅላሉ። ቅርፊት መቁረጥ ይህን አይፈታም፤ ታይራሚኑ ውስጡም አለ። ማብሰልም አያጠፋውም። ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ጨዉን ያስብ። እናትዎ ዕድሜያቸው ከ65 ካለፈ እሳቸውም የበሰለውን ብቻ ይብሉ፤ ቁጣቸው ከበረደ ማለቴ ነው።

የተከፈተው ቁራጭ የነበረበትን መደርደሪያ ሳታጥቡ አዲስ ምግብ አታስገቡ። ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ሌላውን ዕቃ አውጡ፣ መደርደሪያውንና ግድግዳውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ከዚያ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ አብሱት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ይህን እህትዎ ባይሠሩት ይሻላል። የፋሲካው ዶሮ፣ ቅቤና አይብ ከመግባታቸው በፊት ይለቅ።